ውጤት የሌለው «አለፈ»

ሚያዝያ 8

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ። ድሮም ሥራ ላይ ሆነህ «እንዴት ነህ» ስልህ ጣትህን ብቻ ነበር የምታነሳው፣ «ቆይ» ለማለት። አሁንም እንደዚያ ነው ብዬ ልጀምር።

ጠረጴዛህን እኔ አልነካሁትም፤ አክስቴ ነች የነካችው። «አቧራ ነው፣ ትዝታ አይደለም» ብላ ወረቀቶችህን ሰብስባ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተተቻቸው። እነዚያን የድልድል ወረቀቶችህን፣ አሥራ ስድስት ቡድን ግራና ቀኝ ጽፈህ መስመር በመስመር እያገናኘህ መሃል ላይ አንድ የምታደርጋቸውን። አንዱን ወደ መብራት ይዛ «ይኼ ደግሞ የማን የዘር ሐረግ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አፈርኩና መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ድካም ነው ያለብኝ። ሐዘን ሌላ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ደረጃ መውጣት ነው፣ ወለሉ የማይደርስ። ተኝቼ ስነሣ ከመተኛቴ በፊት ከነበረው የባሰ ይደክመኛል።

ባለፈው ሳምንት ከድርጅትህ ሁለት ሰዎች መጡ። ትሑቶች ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ነው የገቡት። ስልክህን «ለማጣሪያ» ብለው ፈርመው ወሰዱ። አንደኛው አክስቴን «ሰሞኑን አዲስ ጓደኛ ይዞ ነበር?» አላት። «የሞተ ሰው አዲስ ጓደኛ ከየት ያመጣል?» አለችው። ሳል ያዘው። ከዚያ ነገሩን አወጡት። በሞትክበት ቀን ከውድድሩ አዳራሽ የውሸት ውጤት ልከሃል አሉ። በቃልህ የውርርዱ ዋጋ ተዛብቶ ስድስት ደቂቃ ቆይቷል፤ በስድስቱ ደቂቃ ብዙ ሰው ቲኬት ቆርጧል። ባጭሩ፣ ሸጠሃል።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ግን ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። መታጠፊያው ላይ ያለው የውርርድ ሱቅ ቲኬት ቆራጭ፣ ድሮ አንተ ስታልፍ ከወንበሩ የሚነሳው፣ «ሚዛንም ሸጠ፤ እንግዲህ ማን ቀረ?» እያለ ነው፣ ሁሉም በሚጠራህ ቅጽል ስም። በትምህርት ቤት ደግሞ አንዱ «ወንድምህ በስንት ሸጠው?» አለኝ። ምን ልበለው? ሥራህን አላውቀውም። አሥር ዓመት አብሬህ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ሆኖም አልሸጥክም። ይህን ብቻ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደማውቀው ግን ማስረዳት አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለማንም ያልነገርኩት። ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ ስልክህን ሰጠችኝ። እጄ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነበር። «ችኩሉ» ብለህ የመዘገብከው ሰው ነው። «ምን ሆነ?» ይላል፣ እንደገና «ምን ሆነ? ንገረኝ እንጂ!» ይላል። አንድ ቃል ጻፍኩለት።

«አለፈ።»

ወዲያው መለሰ። «እሰይ! ይገባዋል!»

ስልኩን አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱንም ቀኑንም ያቺው «እሰይ» ነች ጆሮዬ ላይ። ካርቶኑ ውስጥ የሰውዬውን አድራሻ አገኘሁ፤ አገሩ ሩቅ ነው። ልጽፍለት ነው። ስልክ ቢኖረኝም አልደውልለትም ነበር፤ ድምፁን መስማት አልፈልግም።

ታናሽህ

—

ሚያዝያ 19

ይድረስ ለሚዛን ታናሽ ወንድም፣

ደብዳቤህ «ለጤናዎ አልጠይቅም» ብሎ ይጀምራል። አለመጠየቅህ ልክ ነው። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ አንተ እንዴት ነህ? እህል ትቀምሳለህ? አክስትህስ በርትታለች? የማላውቃት ብሆንም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ስላዘገየሁ ይቅርታ። ይህ አራተኛ ወረቀቴ ነው። ሦስቱን ልጆቼ አውሮፕላን ሠሩባቸው።

ቀላሉን ጥያቄህን ላስቀድም። ወንድምህ ዋጋ አውጪ ነበር። የኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር ሲኖር፣ በአንድ ቡድን ላይ ለሚያስይዝ ሰው ቡድኑ ቢያሸንፍ ስንት እጥፍ ይመለስለታል የሚለውን ቁጥር የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ተወራራጆች ኦድ የሚሉትን። ያሸንፋል ተብሎ የሚታመነው ትንሽ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተስፋ የሌለው ትልቅ። ሥራው ይኸው ነው። ስነግርህ ቀላል ይመስላል።

ከውድድሩ በፊት አዘጋጆቹ ለአሥራ ስድስቱ ቡድኖች መነሻ ደረጃ ይሰጣሉ። አንደኛውን ከአሥራ ስድስተኛው፣ ሁለተኛውን ከአሥራ አምስተኛው እያሉ ያጋጥማሉ፤ ብርቱዎቹ ገና በጠዋቱ እንዳይበላሉ። እኛ ሌሎቻችን ደረጃውን አይተን ቁጥር እንደረድራለን። ወንድምህ ግን «ማን ይበረታል?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። «ማን በማን በር ያልፋል?» ነው የሚለው። አምና ለአራተኛው ቡድን ከሦስተኛው ያነሰ ቁጥር ሰጠ። አለቃችን ደውሎ «ሰውዬ፣ መቁጠር ረሳህ እንዴ? ሦስት ከአራት በፊት ነው» አለው። ወንድምህ እንዲህ አለ፦ «ሦስተኛው ሩብ ፍጻሜ ላይ የሚጠብቀው ስድስተኛ የተባለው ነው። ስድስተኛው ደረጃው የወረደው ሁለት ልጆቹ ታመው ስለከረሙ ነው፤ አሁን ድነዋል። ደረጃው የአምና ነው፣ ጣቶቹ የዘንድሮ ናቸው።» ስድስተኛው ሦስተኛውን ጠራርጎ አስወጣው። አለቃችን ከዚያ ወዲህ ስለ መቁጠር አንሥቶ አያውቅም።

የውድድሩ ዓይነትም ዋጋ ይለውጣል። ግጥሚያው አንድ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ለደካማው ቁጥሩን ይቀንስለታል፤ አምስት ከሆነ ያበዛበታል። «በአንድ ጨዋታ ሰነፍም ይቀናዋል፤ በአምስት ግን ሁሉም ወደ ልኩ ይመለሳል» ይል ነበር። አንዴ የተሸነፈን የማያባርር ውድድርም አለ። ተሸናፊውን ወደ ታችኛው መስመር ያወርደዋል። እዚያ አንድ ዕድል ይቀረዋል፤ ግን ላይ ያሉት ሲያርፉ እሱ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይጫወታል። ዓይንም ጣትም ይዝላል። ስለዚህ ብርቱ ቡድን እንኳ አንዴ ከወረደ ዋንጫ የመብላቱ ኦድ አራት አምስት እጥፍ ያብጣል። የዛለ ብርቱ ማለት ያው ደካማ ነው።

አሁን ሻጭ ምን እንደሚሸጥ ይገባሃል። እውነቱን እያወቀ ለሕዝብ የተሳሳተውን ቁጥር ያቆያል፣ ለወዳጁ ሹክ ይላል። ወንድምህን በዚህ ነው የጠረጠሩት።

ስለዚያች ቃል የጠየቅከኝን ግን ዛሬ አልመልስልህም። አልፈልግም አይደለም። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ፦ በዚያ ቀን ስልኩ በማን እጅ ነበር? ስንት ሰዓት ላይ? ለሌላ ሰው ከመናገርህ በፊት ለእኔ ጻፍልኝ።

ወንድምህ ችኩሉ ይለኝ የነበረው ሰው

—

ሚያዝያ 27

ለችኩሉ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለጤንነታችን ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ እህል እንቀምሳለን። የዋጋውን ነገር ለአክስቴ አነበብኩላት። «ቁማር ክራባት ቢያስሩለትም ቁማር ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን «ያቺን የጣቶቹን ነገር ድገማት» አለችኝ። ደገምኩላት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ካርቶኑን ከፍቼ የወንድሜን ወረቀቶች አየኋቸው። አሁን ትንሽ ይነበቡልኛል። መስመሩ ላይ በእርሳስ ያሰፈራቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ፦ «ይህ ልጅ አውቶቡስ ላይ አይተኛም»፣ «እነዚህ ከተሸነፉ ይጣላሉ»። አንዱ ጋ «ተመስገን፣ አንድ ጨዋታ ብቻ» ይላል። ማንን እንዳመሰገነ አላውቅም።

ጥያቄዎን እመልሳለሁ። ስልኩ በእኔ እጅ ነበር። ከትምህርት ቤት ጠርተውኝ ሆስፒታል ስደርስ እሱ ከአዳራሹ በመኪና መጥቶ ውስጥ ገብቶ ነበር። ልቡ ነው አሉኝ። ነርሷ የሞተበትን ሰዓት ጽፋ ፈርማልኛለች፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ዘጠኝ ከሃያ ላይ የእርስዎ «ምን ሆነ?» መጣ፤ ሰዓቱ ስልኩ ላይ ነበረ። የመለስኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ የሆነውን ነገርኩዎት። ይህን አክስቴም አታውቅም።

እርስዎ «እሰይ» አሉ። «ይገባዋል» አሉ።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ በቁጣ ስለጠየቅኩዎት ይሆናል ያልመለሱልኝ። አሁን ቁጣውም ደክሞኛል። ስለዚህ ዝግ ብዬ እጠይቃለሁ፦ ወንድሜ ምን አድርጎዎት ነበር?

—

ግንቦት 6

ታናሼ፣

ምንም አላደረገኝም። ከሰው ልጅ ሁሉ ምንም ያላደረገኝ እሱ ነው።

የዛሬው ደብዳቤ ሰላምታ የለውም። ሰላምታ ከጀመርኩ እዚያው እቀራለሁ።

እኔ የምሠራው ከአዳራሹ ሩቅ፣ ቢሮ ውስጥ ነው። የጨዋታው ሥርጭት ለእኛ ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው የሚደርሰን። ለዚህ ነው ወንድምህ እዚያ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው፦ ያየውን በአንድ ቃል ይልክልኛል፣ እኔ ዋጋውን አስተካክላለሁ። ቃሎቻችን ሁለት ናቸው፤ «አለፈ» እና «ወረደ»። ወደሚቀጥለው ዙር አለፈ፣ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። ስድስት ዓመት በእነዚህ ሁለት ቃላት ኖረናል።

በዚያ ቀን መብረቅ የሚባለው ቡድንና ኤሊ የሚባለው ተገጣጠሙ። መብረቅ ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ኤሊ ሰባተኛ። እኔና ወንድምህ በኤሊ ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ስንነጫነጭ ነበር፤ ሰባተኛ መባሉ ግፍ ነው፣ ቢያንስ አራተኛ ይገባዋል እያልን። ወንድምህ የላከልኝ የመጨረሻ መልእክት «አንድ ለአንድ። ሦስተኛው ሊጀምር ነው» የሚል ነው። ከዚያ ዝም አለ። አርባ ደቂቃ። መታመሙን በምን ልወቅ? «ምን ሆነ?» እያልኩ ደጋግሜ ላክሁ። ስለ ኤሊ ነበር የምጠይቀው።

«አለፈ» የሚል መጣልኝ።

ገባህ አይደል፣ ታናሼ? እሰይ ያልኩት ለኤሊ ነው። ይገባዋል ያልኩትም ለኤሊ ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርኩ። አንተ እዚያ ቆመህ።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ የአሥራ ስድስቱንም ዋጋ ለወጥኩ። አንድ ቡድን ሲወድቅ ወይ ሲያልፍ የሱ በር ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ በዚያ ጎን ያለው ሁሉ ይነካል። የኤሊን ኦድ ከሃያ አምስት ወደ ሰባት አወረድኩ። መብረቅ ወደ ታችኛው መስመር ወርዷል ብዬ ከሦስት ወደ አሥራ አራት አወጣሁት። ያሸነፈው ግን መብረቅ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቷል። አሸናፊውን ቡድን በአሥራ አራት ሲያገኝ ማን ይቆማል? ቲኬት በላይ በላዩ ተቆረጠ። ሥርጭቱ ደርሶ እውነቱን ሳይ ዋጋውን መለስኩና ለወንድምህ ጻፍኩለት። ምን ብዬ እንደሆነ ልንገርህ። «ምነው ሰውዬ፣ ሸጥከኝ እንዴ?» ቀልዴ ነበር። እንደዚያ ነበር የምንጫወተው። አንተ ስልኩን አጥፍተኸዋል፤ የድርጅቱ ሰዎች ከፈቱት። እነሱ ቀልድ አያነቡም። «ሻጭ» የሚለው ነገር የተነሳው ከእኔ መልእክት ነው።

አልጨረስኩም። ወንድምህ «አለፈ» ብቻ ብሎ ልኮ አያውቅም። ሁልጊዜ ውጤቱን ያክልበታል፦ «አለፈ፣ ሁለት ለአንድ።» ሥራ ሲያስገባኝ «ውጤት የሌለው አለፈ ከመጣልህ ዋጋ እንዳትነካ፤ መልሰህ ጠይቅ» ያለኝ ራሱ ነው፤ የድርጅቱም ደንብ ነው። አልጠየቅኩም። ቸኮልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፍስሼ ሌላ ሰው እንዲለቅም ተውኩት።

መሞቱን በማግስቱ ስሰማ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። መርማሪዎቹ «ቃሉ የመጣው ከሱ ስልክ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «ውጤት ነበረው ወይ?» አላሉኝም፤ እኔም አላነሣሁም። የሞተበትን ሰዓትም አያውቁም፤ እነሱ ጋ ያለው ወረቀት ቀኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለት ልጆች አሉኝ ብዬ እዚህ ጋ ልጽፍ ነበር። ሰበብ ነው፣ ተወው።

ይቅርታ ጠይቄሃለሁ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው የለኝም።

—

ግንቦት 12

ለችኩሉ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ቀን በደብተሬ መሃል ይዤው ዞርኩ። በሂሳብ ክፍለ ጊዜም አነበብኩት፤ አስተማሪው አይቶኝ ዝም አለኝ። ሰሞኑን ሁሉም ዝም ይለኛል። የሚሻለው ቢጮሁብኝ ነበር።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከወር በላይ የጠላሁት ለካ ለኤሊ የተባለ እሰይ ነው። እርስዎ እዚያ ሲጨፍሩ፣ እኔ እዚህ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም በተቀባ ክፍል ውስጥ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ።

ያቺን ቃል መርጬ ነው የጻፍኳት። ጣቴ መጀመሪያ የጀመረው «ሞ» ብሎ ነበር፤ አጠፋሁት። ለማያውቀኝ ሰው፣ በድንገት፣ በስልክ፣ እንዲህ ያለ ቃል አይላክም ብዬ። ለስለስ ያለውን ፈለግሁ። አክስቴ ለአባታችን ጊዜ ያለችው «አለፈ» ነበር፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። እርስዎን ላለማስደንገጥ ብዬ ወንድሜን ሻጭ አስባልኩት። ስለዚህ እርስዎ ብቻ አይደሉም የቸኮሉት የሚሉኝ ከሆነ አልከራከርም። ግን እኔ ደንቡን አላውቅም ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር።

ይቅርታዎን አልቀበልም አላልኩም። አድራሻው ግን ተሳስቷል። ለእኔ ሳይሆን ለድርጅቱ ይጻፉት። እኔ «ወንድሜ አልሸጠም» ብል ማን ይሰማኛል? «እንዴታ፣ ወንድሙ ነው» ይላሉ። ቃሉን የተቀበለው ሰው ሲናገር ነው የሚያምኑት። የሆስፒታሉን ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ። ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ይላል፤ የነርሷ ፊርማ ከሥሩ አለ። የመልእክቱን ሰዓት ስልኩ ላይ ያገኙታል። ዘጠኝ ከሃያ ነው። በዚያ ስምንት ደቂቃ መሃል ወንድሜ ለማንም ምንም ሊሸጥ አይችልም።

የላኩት እኔ መሆኔን ይንገሩ። ስሜን ይጻፉት። ለአክስቴም ትናንት ነገርኳት። «እና አንተ ብቻህን ነው ይህን ተሸክመህ የከረምከው?» አለችኝ። ሸሚዜን ተቀብላ አጠበችው፣ ንጹሕ ነበር።

የሷ ፈቃድ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል፤ ወደ ሥራዋና ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። እኔ ፈተናዬን እስክጨርስ እዚሁ እቆያለሁ፤ አከራያችን ከታች ናቸው፣ «ዓይኔ ካንተ አይነሣም» ብለዋል። ከመሄዷ በፊት መልስ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። ለእኔ ሲባል ሳይሆን፣ እሷ መንገዱን ሁሉ «ሻጭ» የሚለውን ይዛ እንዳትሄድ።

ልጆችዎን ሰላም ይበሉልኝ። አውሮፕላን ከዚህ ወረቀት አይሥሩበት።

—

ግንቦት 20

ታናሼ፣

ነግሬያቸዋለሁ።

እንዴት እንደነበረ ብትጠይቀኝ፦ ክፍሉ ጠባብ ነበር፣ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ ውኃ ቀዳልኝ። ሌላው ለራሴ ይቅር። ወረቀትህንና ስልኩን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ወንድምህ ምንም አልጠየቁኝም፤ ጥያቄው ሁሉ ስለ እኔ ሆነ።

የጻፉትን ደብዳቤ አያይዣለሁ። ለእናንተ ሊልኩት ሁለት ሳምንት ይፈጅብናል ስላሉ ለምኜ ተቀበልኳቸው፤ ከመሄዷ በፊት ብለሃልና። ይኸው ጽሑፍ ቢሮው በር ላይም ተለጥፏል። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ ቆሞ ሲያነበው አይቼዋለሁ፤ ኮፍያውን አወለቀ።

ጠረጴዛዬን ትናንት አስረክቤያለሁ። ምንም እንዳትጽፍልኝ በዚህ ጉዳይ፣ በተለይ አዘንኩ የሚል። ከእንግዲህ የምቸኩልበት ቦታ የለም፤ ይህ ደግሞ ዕረፍት ነው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ሆኛለሁ። ትልቁ «አባዬ፣ ለምን ቀስ እያልክ ነው የምትሄደው?» አለኝ።

ለፈተናህ በርታ። አክስትህን ሰላም በልልኝ፤ አሁን ቢያንስ ስሜን ስትሰማ ፊቷን አታዞርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ብታዞርም እውነቷን ነው።

—

ግንቦት 27

ወንድም ጋሼ፣

ነፃ ነህ። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው ስለ ምርመራው ያወራል፤ ሁለተኛው «ምንም ዓይነት ጥፋት አልተገኘበትም» ይላል፤ ሦስተኛው ፊርማ ነው። አክስቴ መነጽሯን አጥፍታው በመዳፏ ርቀት ይዛ አነበበችው። «ሰባት ሳምንት ስሙን አጉድፈው በሦስት መስመር!» አለች። ከዚያ ቅጂ እንዳደርግላት ላከችኝ። ሁለት ቅጂ ወሰደች፣ አንዱን ለቦርሳዋ፣ አንዱን፣ እንደምትለው፣ «ለሚያወራ ሰው»።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄደች። አውቶቡሱ እስኪነሣ በመስኮት ትእዛዝ ስትሰጠኝ ነበር፤ ጋዙን ዝጋ፣ እርጥብ ካልሲ እንዳታደርግ፣ ለአከራይህ «አቤት» በላቸው። የመጨረሻውን ሞተሩ ዋጠው። አፏን ብቻ አየሁ።

የዛሬውን ጠዋት ልንገርህ። ብቻዬን ያደርኩበት የመጀመሪያው ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። የሚቀሰቅሰኝ ስለሌለ ይሆን፣ ቀድሜ ነቃሁ። የተወሰነ ጊዜ ጣሪያውን አየሁ። ድካሙ አልሄደም፤ ግን አብሮኝ ተነሣ፣ አልጋው ላይ አልቀረም። ፊቴን ታጠብኩ። ዳቦ ነበረ፣ ቆሜ በላሁ። ሸሚዜን ተኮስኩ፤ ኮሌታው ላይ ትንሽ ቢጫ አስቀረሁበት። አከራያችን ከታች «ተነሥተሃል ወይ?» ብለው ጮሁ፣ እኔም «አቤት» አልኳቸው።

ከቤት ስወጣ በውርርዱ ሱቅ በኩል አለፍኩ። የድርጅትህ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቲኬት ቆራጩ በሩን እየከፈተ ነው። ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውንም አየ። «እህ» አለ። «አሃ፣ የሚዛን ነገር። እኔማ አላልኩም ነበር?» «ብለሃል» አልኩት። መልሶ ሰጠኝና ወንበሩን አወጣ። አልተቀመጠበትም። እስክሄድ ቆሞ ጠበቀ።

ትምህርት ቤት ገብቼ መጀመሪያ መዝገብ ቤቱ መስኮት ጋ ሄድኩ። ለፈተና ከመመዝገቤ በፊት የአሳዳጊዬ ስም እንዲቀየር ይፈልጋሉ። ከኋላዬ ስድስት ሰው ተሰልፏል፤ ሁለቱ ከክፍሌ ናቸው። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ትጠይቃለች።

«አዲስ አሳዳጊ?»

የአክስቴን ነገርኳት።

«የቀድሞ አሳዳጊ ሥራ?»

ሁለት ወር ያህል ይህን የጠየቀኝን ሁሉ «የግል» እያልኩ ሳልፍ ነበር።

«ዋጋ አውጪ።»

«የምን ዋጋ? የገበያ?»

«የጨዋታ ውድድር። ለእያንዳንዱ ቡድን ኦድ የሚያወጣው እሱ ነበር።»

ከኋላዬ ወሬው ቆመ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው። የቅጹ ሣጥን ጠቦባት ጽሑፉ ከመስመሩ ውጪ ወጣ።

«ሙሉ ስሙ?»

ስምህን፣ ቅጽሉን ሳይሆን ዋናውን፣ ከነአባታችን፣ ከነአያታችን ነገርኳት፣ ጮክ ብዬ፣ የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማ። እሷ እስክሪብቶዋን አንሥታ ቆም አለች።

«በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ?»

«በንጉሡ» አልኳት።